ከአምስቱ በሮች ወዲህና ወዲያ፦ የሐረሪ ቤተሰቦች ቅኝት

በግንብ ወደታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ወደ ጀጎል፣ በሸዋ በር በኩል እንግባ። የሐረሪ ሰው ይህን በር በራሱ ቋንቋ አስመዲን በሪ ይለዋል። ጠዋት በሩ አጠገብ ጥቂት ቆም ያለ ሰው ጆሮው ሥራ ይበዛበታል። ከገጠር ማገዶና አትክልት ይዘው የገቡት እናቶች በኦሮምኛ ዋጋ ይጠራሉ፤ ገዢዋ በአማርኛ ትከራከራለች፤ ሁለት አሮጊቶች በጌይ ሲናን፣ ማለትም በሐረርኛ፣ የቤት ደኅንነት ይጠያየቃሉ፤ ነጋዴው ስልኩን ጆሮው ላይ ደግፎ በሶማልኛ ያወራል። ትንሽ ከቆያችሁ ደግሞ ያችው በአማርኛ ስትከራከር የነበረችው ሴት ወደ ኦሮምኛ ተሻግራ ዋጋውን ስታስቀንስ ትሰማላችሁ። የክልሉን ሕዝብ አሰፋፈር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ ቦታ አላገኘሁም።

ይህ ድብልቅ በመላው ክልል ቤት ለቤት ተቆጥሮ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐረሪ ክልል 183,415 ነዋሪ ነበረው፦ 92,316 ወንድ፣ 91,099 ሴት። ቤተሰቡ 46,169 ነበር። አንዱን ለሌላው ብታካፍሉት በአንድ ቤተሰብ አራት ሰው ለመሙላት ጥቂት ይጎድላል። በከተማው ከሦስት ተኩል የማይበልጥ፣ በገጠሩ ደግሞ አራት ተኩል ገደማ ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ አማካይ 4.7፣ የአዲስ አበባ 4.1 ነበር። እንግዲህ የሐረሪ ቤተሰብ ከአዲስ አበባውም ያንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጥራት አለበት። በቆጠራ ቋንቋ ቤተሰብ ማለት ዘመድ ማለት አይደለም። አብሮ የሚኖርና ምግቡን በጋራ የሚያሰናዳ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ከኤረር ገጠር መጥታ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድረው ልጅ፣ ለትምህርት አክስቱ ዘንድ የተጠጋው ጎረምሳ፣ ከዚያ ቤት ድስት እስከበሉ ድረስ የዚያ ቤተሰብ አባል ሆነው ይመዘገባሉ። ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ልብስ ሰፊም ራሱን የቻለ አንድ ቤተሰብ ነው። በዚህ አቆጣጠር አንድ ጣራ ሦስት ቤተሰብ ሊይዝ ይችላል፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ግን እናቱ ስሙን በየቀኑ ብትጠራውም ከቤቱ ውጭ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ ዘለቅ እንበል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሁለቱም ወገን ይንጣጣል። ከዚያ ወደ ጎን የሚታጠፉት ጠባብ መንገዶች በነጭ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ በተቀቡ ግንቦች መካከል ይሄዳሉ። ጀጎል በጠቅላላው 48 ሄክታር ነው። በዚህች ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች እንዳሉ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት አስፍሯል። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው። አምስቱ በሮች፣ ማለትም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ እስከ ዛሬ የሰፈር መጠሪያ ናቸው።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ የቤተሰቡን አደረጃጀት እንደ መጽሐፍ ያስነብባል። ዋናው ክፍል በቀይ አፈር የተቀባ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ አምስት መቀመጫ አለው፤ ነደባ ይባላል። የአባወራው ቦታ፣ የሽማግሌው ቦታ፣ የእንግዳው ቦታ፣ የልጆቹ ቦታ የተለየ ነው። ማን የት እንደተቀመጠ ያየ ሰው ሳይጠይቅ የቤቱን ታላቅና ታናሽ ያውቃል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ ደግሞ እዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ አለች ማለት ነው። ቆጣሪ ሳይልኩ ራሱን የሚያስቆጥር ቤት ብዬ የማስበው ይህን ነው። በጀጎል ያደነቅሁት ነገር ብዙ ነው፤ ከዚህ ምንጣፍ የሚበልጥ ግን የለም።

ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ አምስቱን ነደባ የሚሞላ ሰው የለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በክልሉ ራሱን ሐረሪ ብሎ ያስመዘገበው ከመቶ 8.65፣ በሰው ሲሰላ 16 ሺህ ገደማ ነበር። በመላ አገሪቱ የተቆጠሩት ሐረሪዎች ደግሞ 32 ሺህ ያህል ናቸው። ይህ ማለት ግማሹ የሚኖረው በስሙ ከሚጠራው ክልል ውጭ ነው። ምክንያቱ የቅርብ ጊዜ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ የተባለው የሐረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ሲመታ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሞቃዲሾ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ተበተነ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ በከተማው ዙሪያ እርሻ የነበራቸው ባለ ይዞታዎች ሀብታቸውን አጡ፤ ሌላ ስደት ተከተለ። ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ትልቅ የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ።

ከከተማው የወጣውን ሰው ሕጉም አልረሳውም። ክልሉ 36 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት 14ቱን ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ሰጥቷል፤ ለጉባኤው በሚደረገው ምርጫ ከክልሉ ውጭ በአገሪቱ ያሉ ሐረሪዎችም ድምፅ ይሰጣሉ። ይህ አሠራር ያከራክራል፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እኔ የምለው፣ ክርክሩን የሚያነሣ ሰው ሁለቱንም ቁጥር፣ የውስጡንም የውጩንም፣ አብሮ ይያዝ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚናገር የነገሩን ግማሽ ይተዋል።

በሸዋ በር ተመልሰን ወደ ምዕራብ ስንወጣ አዲሱ ከተማ ይጀምራል። መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ረጃጅም፣ ቤቱ ቆርቆሮ ለባሽ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ጦር ከተማዋን ሲይዝ፣ ከራስ መኮንን ጋር የመጣው ወታደርና ሹም፣ በኋላም የመንግሥት ሠራተኛው እዚህ አካባቢ ቤት ሠራ፤ ልጅ ወለደ፤ ልጁም የሐረር ልጅ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 32.6 አማራ ነበር። በ1999 ይህ ወደ 22.8 ወረደ። ቁጥሩን አይቶ የደነገጠ፣ ሕዝቡ ነቅሎ ሄደ ብሎ የተናገረም አለ። ሒሳቡን ብንሠራው ግን በ1987ቱ ቆጠራ 43 ሺህ ገደማ፣ በ1999ኙ 42 ሺህ ገደማ ነው። ሕዝቡ እዚያው አለ፤ ያደገው ዙሪያው ነው። ድርሻና ብዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሐረሪ ላይ ያልተማረ ሌላ ቦታ መማር ይከብደዋል።

ጉራጌው ከመቶ 4 ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ሶማሌው ለዚያ የቀረበ። ሱቅ ለሱቅ ለሚዞር ሰው ግን ከዚህ የበዙ ይመስሉታል፤ ንግድ ሰውን አደባባይ ያወጣልና። በሃይማኖት ከመቶ 69 ያህሉ ሙስሊም፣ 27 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 3 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነው። ፈረስ መጋላ ላይ በጀጎል እምብርት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መቆሙን ያየ ሰው ይህን ቁጥር በዓይኑ ያገኘዋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ የቋንቋው ሰንጠረዥ ነው። አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ከመቶ 27 በላይ ሲሆን አማራው ግን 23 አይሞላም። በአንጻሩ ሐረርኛ የአፍ መፍቻዬ ያለው ከመቶ 7.33 ብቻ ነው፤ ሐረሪ ነኝ ካለው ያንሳል። ጉራጊኛም ከጉራጌው በታች ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት እናትና አባት ሐረሪ ወይም ጉራጌ ሆነው ልጁ በአማርኛ አፉን ፈትቷል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱና ቴሌቪዥኑ የሠሩት ነው። ሆኖም በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌላት ቋንቋ፣ የቤቷን ምድጃ ካጣች የት ትሞቃለች? ጌይ ሲናን በትምህርት ቤት መሰጠቷ ደግ ሥራ ነው፤ ነደባው ላይ ካልተነገረች ግን የክፍል ትምህርት ብቻውን አያድናትም።

ቀሪው ጉዞ ወደ ገጠር ነው። ክልሉ ዘጠኝ ወረዳ አለው፤ አሚር ኑር፣ አባድር፣ ሸንኮር፣ ጅንኤላ፣ አቦከርና ሐኪም የከተማ፣ ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ የገጠር ናቸው። ማሽላ፣ ለውዝ፣ ማንጎና ጫት የሚያበቅለው ይህ መሬት የኦሮሞ ገበሬ ቤት ነው። ኦሮሞው ከክልሉ ነዋሪ ከመቶ 56.4 ነበር፤ በሁለቱ ቆጠራ መካከል ከ69 ሺህ ገደማ ወደ 103 ሺህ አድጓል። እዚህ አንድ ያልተለመደ ነገር አለ። በመላ አገሪቱ ከተሜው ከገጠሬው በፈጠነባቸው ዓመታት፣ ሐረሪ ውስጥ የከተማው ነዋሪ ከ76,378 ወደ 99,368 ሲደርስ፣ ገጠሩ ከ54,761 ወደ 84,047 ዘለለ። የከተሜው ድርሻም ከመቶ 58 ወደ 54 ወረደ።

ክልሉ በጠቅላላው ሦስት መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወደ 590 ሰው ይኖርበት ነበር። አራት ልጅ ያለው ገበሬ ማሳውን ለአራት ሲከፍል ምን እንደሚተርፍ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ከገጠር ወጥተው በሸዋ በርና በኤረር በር ጉሊት የሚቀመጡት ልጆች የዚህ ክፍፍል ትርፍ ናቸው።

ከኤረር ሸለቆ በላይ ኮረሚ የምትባል የአርጎባ መንደር አለች፤ ቤቶቿ የድንጋይ ካብ ናቸው። አርጎባው በክልሉ ከመቶ አንድ ትንሽ ቢበልጥ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ነው። የራሱን ቋንቋ ትቶ ኦሮምኛ መናገር ከጀመረ ትውልድ አልፏል። ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ነው የሚይዘው፤ መንደሩን ያየ ግን ያን መስመር ዘሎ አያልፍም።

በቤተሰብ ቆጠራ የማይገባም ሰው አለ። የሕክምና ኮሌጅ ተማሪው በማደሪያው፣ ታራሚው በማረሚያ ቤቱ፣ ደጅ የሚያድረው በረንዳው ላይ፣ ሁሉም በሌላ መዝገብ ይያዛሉ። ተማሪ በሚበዛበትና በጠበበ ከተማ ይህ ቁጥር የቤት ኪራዩንም የውኃ ወረፋውንም ይነካል። እቅድ የሚያወጣው አካል ከቤተሰብ መዝገቡ ጎን ይህንንም ይመልከተው።

እስካሁን ከጠቀስኩት የሕዝብ አኃዝ የቅርቡ የ1999 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ አይዘንጋ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ፓርላማው እንደገና አራዘመው። በ1999 ግንቦት ጀጎል ውስጥ ታዝላ የተቆጠረች ሕፃን ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል፤ ምናልባትም ምንጣፉ ከበሯ በላይ ተጠቅልሏል። የመንግሥት በጀት፣ የትምህርት ቤት ወንበርና የክሊኒክ አልጋ የሚመደብላት ግን ገና ሕፃን ሳለች በተሰበሰበ ቁጥር ላይ በተሠራ ግምት ነው። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ቆጠራው ይካሄድ። እናንተም የአምስቱ በሮች ሰዎች፣ ቆጣሪው ሲያንኳኳ ክፈቱለት፤ በቤታችሁ የሚነገረውን ቋንቋ እንዳለ ንገሩት፤ የምታሳድሩትን ሠራተኛም ከልጆቻችሁ እኩል አስቆጥሩ።