የላንጌ ትልልቅ በርሜሎች

በሰሜን ኢጣሊያ፣ ከአልባ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ባሮሎ የሚባለው ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቅባቸው የላንጌ ኮረብታዎች አሉ። ቱሪን ተማሪ ሳለሁ ለወይን ለቀማ እሄድላቸው የነበሩት ሽማግሌ እዚያ ትንሽ ማሳ ነበራቸው። ከከብት ፍግ ሌላ ማዳበሪያ፣ ከመዳብና ከድኝ ሌላ መድኃኒት አያውቁም። ሀብታቸው ምድር ቤት ነበር፦ በስላቮንያ ኦክ የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 3,000 ሊትር የሚይዙ አሮጌ በርሜሎች።

እናቶቻችን የጠጅ ጋን በወይራ የሚያጥኑት ጠጁ መዓዛ እንዲያገኝ ነው። ሽማግሌው የሚሹት ተቃራኒውን ነበር። ያረጀ በርሜል የእንጨት ጣዕሙ ወጥቶ አልቋል፤ ለወይኑ ከራሱ የሚጨምረው የለውም። በጣውላው ውስጥ ጥቂት ጥቂት አየር ብቻ ያሳልፋል፤ ምላስ የሚያኮማትረው ወይንም በዓመታት ይለዝባል። እየተነነ ስለሚጎድል በየጊዜው እስከ አፉ ይሞላል፤ ክፍተት ከተተወ ይሆመጥጣል። የባሮሎ ሕግ ወይኑ 38 ወር ይቆይ፣ 18ቱ በእንጨት ይሁን ይላል። እሳቸው ከዚያም በላይ ያቆዩት ነበር።

በርሜል ሲጸዳ ቀጭን ሰው ይፈለጋል፤ ቀጭኑ እኔ ነበርኩ። በጠባቧ በር አንድ እጅ አስቀድሜ፣ ተጠማዝዤ እገባለሁ። ግድግዳው ላይ የወይኑ ጨው ጠጥሮ በባትሪ ብርሃን ሐምራዊ ሆኖ ያብለጨልጫል። ስፍቅ ሽማግሌው ከውጭ ጣውላውን እየመቱ «አለህ ልጄ?» ይሉኛል። መልስ ካላገኙ አይረጋጉም፤ በርሜል ውስጥ የተኛ ጋዝ ሰው ይገድላልና።

በ1983 እ.ኤ.አ. ኤልዮ አልታሬ የተባለ የአካባቢው ወጣት የአባቱን አሮጌ በርሜሎች በአዲስ ትንንሽ በርሜሎች ሊተካ በመጋዝ ቆራረጠ፤ አባቱም ርስት ነፈጉት። ከዚያ በኋላ 225 ሊትር የምትይዘው አዲሷ የፈረንሳይ በርሜል በብዙ ቤት ገባች፤ ቫኒላ ቫኒላ የሚሸተው ወይንም ገበያ አገኘ። የባሮሎው ወይን ጠማቂ ባርቶሎ ማስካሬሎ ግን በ2005 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱ ድረስ ትልልቁን በርሜል አልለቀቁም። በአልታሬ አልፈርድም፤ ብዙው ምድር ቤት ቆሻሻ፣ ገበሬውም ድሃ ነበር። ልቤ ግን ከማስካሬሎ ጋር ነው።

ዛሬ ብዙዎች ወደ ትልቁ በርሜል ተመልሰዋል፤ ደስ ይለኛል። የእኔ ሽማግሌ በርሜሎች ግን ተሸጡ። የገዛቸው ሰው አፍርሶ ጠረጴዛ እንዳሠራባቸው ስሰማ ተናደድኩ፤ አሁንም እናደዳለሁ። ገና ብዙ ወይን ያቆዩ ነበር።