ጠፍጣፋው ላንድሮቨር

ለእርስዎ የመኪና ውበቱ ምኑ ላይ ነው? ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወስደውን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ጠፍጣፋው ላንድሮቨር ነው።

መልኩ የመጣው ከችግር ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት ብረት ሲያጥራት አካሉን ከአልሙኒየም፣ ያለ ብዙ ማሽን እንዲሠራ ጠፍጣፋ አደረገችው። ለዚህ ነው ፓራፋንጎው ሲሰረጉድ የሰፈራችን ባትላሜራ ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀጥቅጦ የሚመልሰው።

የዘንድሮዎቹ ልሙጥ ናቸው፤ ነፋሱን እየሰነጠቁ ነዳጅ ይቆጥባሉ። (ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።) የፕላስቲክ ፓራውልታቸው ሲሰነጠቅ ግን አዲስ አበባ ያስኬዳል።

ባለቤቴ የምታየው ሌላ ነው፦ ሲጋጭ ተጨማድዶ ግጭቱን የሚውጥ የፊት አካልና ኤርባግ። ልጆች አሉን፤ ትክክል ናት። አዲሱን ለመግዛት የአባቴ ላንድሮቨር መሸጥ አለበት። ገዢው ቅዳሜ ከሮቤ ይመጣል።