የአባታችን ድምፅ የት ገባ?

ወላጆቻችን፣

እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ስናስተካክል እንውላለን። የራሳችን ቤት ግን ጉድ ነው! በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ስንመጣ ልጆች ነበርን፤ ሻንጣም አልነበረን። ዛሬ ፎቶአችን ኮምፒውተሩ ላይ፣ አሮጌ ዲስክ ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ በተጣሉ ዲስክ ኦን ኪዎች ላይ ተበታትኗል።

ለእኅታችን ልጅ ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት መቁጠር መጣ። አባታችን ዛሬ የሉም፤ ዘር ሲቆጥሩ ግን ድምፃቸውን ቀድተን ነበር። አሮጌው ዲስክ አልከፈትም አለ። ሦስት ሌሊት ፈልገን አንዱ ዲስክ ኦን ኪ ላይ፣ «አዲስ 2» በሚል ስም አገኘነው። ድምፃቸውን ሲሰሙ እናታችን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

አሁን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማኅደር ከፈትን፤ ፋይሉ ላይ ዓመቱን፣ ቦታውንና ስሙን እንጽፋለን። አንዱ ቅጂ እኛ ቤት፣ ሌላው እኅታችን ቤት ነው።

የቀረን የመርካዝ ክሊታው ፎቶ ነው። ግማሹን ሰው አናውቀውም። ዕድሜ ይስጣችሁና፣ በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉ፤ «ይኼ ማነው?» ሲሏችሁ ንገሯቸው፣ እነሱም ይጻፉት።