ጥላው ብቻ አይበቃም

የልብ ሐኪሞች ብዙ ዘመን የሠሩት በጥላ ነው። ወደ ልብ ደም ቧንቧ ቀለም ለቀው በራጅ ሲመለከቱ የሚታያቸው ቧንቧው ራሱ ሳይሆን የቀለሙ ጥላ ነው። እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛው ስንሰደድ የትምህርት መርጃዎቻችን እዚያው ቀሩ፤ ፋኖስና የወተት ቆርቆሮ ግን አላጣንም። ጨፍለቅ ያለ ቆርቆሮ በፋኖስ ፊት ብንይዝ፣ በአንድ ወገን ጥላው ሰፊ ይሆናል፤ ዞር ስናደርገው ይጠባል። ቆርቆሮው ግን ያው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትሲግ በዙሪክ የጠበበ የልብ ደም ቧንቧ በፊኛ ከፈቱ። በ1986 ደግሞ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ፣ ቧንቧውን ደግፎ የሚይዝ ስቴንት የተባለ የሽቦ መረብ ገባ። በጥላው ሲታይ ሥራው ያማረ ነበር፤ ዳሩ ግን በአንዳንዱ ሕመምተኛ ሽቦው ላይ ደም እየረጋ ያስቸግር ነበር። በ1995 የኢጣሊያው ሐኪም አንቶኒዮ ኮሎምቦና ባልደረቦቻቸው ጥናታቸውን አሳተሙ። በድምፅ ሞገድ የሚያይ ቀጭን መሣሪያ ቧንቧው ውስጥ አስገብተው ሲመረምሩ፣ በራጅ የተዘረጋ የመሰለው ስቴንት ብዙ ጊዜ በሚገባ አልተዘረጋም ነበር።

ዛሬ በብርሃን የሚያይ መሣሪያም አለ። ሽቦው ከግድግዳው ሳይገጥም ቀርቶ እንደሆነ፣ ጫፉ ላይ ቧንቧው ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ የደነደነ ካልሲየም አላስዘረጋ ብሎት እንደሆነ፣ ሕመምተኛው ከጠረጴዛው ሳይወርድ ይታወቃል። ያልተዘረጋው በጠንካራ ፊኛ ይነፋል፤ ከባድ ስንጥቅ በሌላ ስቴንት ይደገፋል፤ ቀላሉ ይተዋል።

ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። ልጃቸው በላከችው ገንዘብ ከተማ ሄደው የታከሙ አንድ አባት፣ «ሽቦው ገባ ካሉኝ በኋላ እንደገና በፊኛ ነፉኝ» ቢሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሐኪሞቹ አበላሽተው ነው» ብሎ ፈረደ። ይህን የሰሙ ሌላው ደረታቸውን የሚያማቸው ጎረቤታችንም «እንግዲያስ አልሄድም» አሉ። ወገኖቻችን፣ ሁለተኛ ማየትና ማስተካከል የጥንቃቄ ሥራ እንጂ የጥፋት ምልክት አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ስቴንት የገባለት ሰው የታዘዘለትን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ክኒን ጤና ስለተሰማው ብቻ አያቋርጥ፤ ሊያልቅበት ሲልም አስቀድሞ ለክሊኒኩ ይንገር። ጎረቤታችንም ይሂዱ። እስከ መኪናው የሚሸኛቸው፣ እስኪመለሱም ቤታቸውን የሚጠብቅላቸው ከእኛ መካከል አይታጣም።