መስታወት የሌለው ድሬሲንግ

ንባብ፦ ዘጸአት 38፥8፤ ያዕቆብ 1፥22-25



የጥር ሠርግ ሲቃረብ በቢሾፍቱ የቤት ዕቃ መሸጫዎች በራፍ ያለፈ ሰው እጮኛሞችን ማየቱ አይቀርም። እሱ ዋጋ ይጠይቃል፣ እሷ መሳቢያ ትስባለች። አልጋው፣ ሁለቱ ኮመዲኖ፣ ቁም ሣጥኑና ድሬሲንጉ አብረው በአንድ ዋጋ ይጠራሉ። የዛሬው ድሬሲንግ ባብዛኛው በኤምዲኤፍ የተሠራ ነው፤ ነጭ ወይም ግራጫ፣ በመስታወቱ ዙሪያ በጣት ሲነካ የሚበራ መብራት ያለው። ውሃ ካልነካው ያምራል። ቅድመ ጋብቻ ምክር የምንሰጥ ሰዎች ስለዚህ ዕቃ ብዙ እንሰማለን። ሠርግ ሊያስተላልፍ የደረሰ ክርክርም ሰምተናል፤ ክርክሩ ግን ስለ ጠረጴዛው አልነበረም።

የድሮውን የምናገኘው ለጉብኝት ስንወጣ ነው። በከተማችን ካሉት የአየር ኃይል ጡረተኞች ቤት ገብተን ስንጸልይ፣ በተከፈተው የመኝታ ክፍል በር አንዳንዴ የዋንዛ መኳኳያ ይታያል፦ መሐሉ ትልቅ፣ ግራና ቀኙ ታጣፊ መስታወት፣ ከፊቱ ዱካ፣ ላዩ ላይ የእጅ ሥራ ዳንቴል። ዋንዛ ለአናጢ የሚታዘዝ እንጨት ነው፣ በአግባቡ ከተያዘም ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ያያል። ቀድሞ የሚያረጀው መስታወቱ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 መስታወትን በኬሚካል ብር መቀባት የሚቻልበትን መንገድ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ መስታወት ረክሶ በየቤቱ ገባ። ያ ስስ ብር እርጥበት ሲያገኘው ከጠርዙ ጀምሮ ይጠቋቁራል። የአሮጌ መኳኳያ ባለቤቶች እንጨቱን በቫርኒሽ ያድሳሉ፣ ለመስታወቱ ግን ቫርኒሽ መድኃኒት አይሆነውም።

ዳንቴሉን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳዮች በመኳኳያ ጠረጴዛ ላይ የሚያነጥፉትን ትንሽ ጨርቅ ቱዋሌት ይሉት ነበር። ስሙ ከጨርቁ ወደ መኳኳሉ፣ ከመኳኳሉ ወደ ክፍሉ እየተሻገረ ሄዶ ዛሬ ቶይሌት ስንል ሽንት ቤት ማለታችን ሆኗል። ቃልም እንደ ሰው ይዋረዳል።

ዕቃው ራሱ ግን ከፈረንሳይ በእጅጉ ይቀድማል። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1800 ዓመት ገደማ የተሠራ፣ ከሜኒ የተባለ የግብፅ ቤተ መንግሥት ሹም የመኳኳያ ሣጥን አለ፤ መሳቢያ አለው፣ የመስታወትም ቦታ አለው። በአገራችንም ስድስት ኪሎ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታና መልበሻ ክፍል እንዳለ ተጠብቋል። በንጉሠ ነገሥቱ መስታወት ላይ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር የተወው የጥይት ቀዳዳ ይታያል። ወደዚያ የምትሄዱ ወጣቶች ቀዳዳው ፊት ቆማችሁ ፎቶ ለመነሣት አትቸኩሉ፤ ትንሽ ቆዩበት።

ወደ ንባባችን እንምጣ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ መስታወት ይዘው ወጥተዋል። የዚያ ዘመን መስታወት ብርጭቆ ሳይሆን እንዲያበራ የተወለወለ ነሐስ ነው፣ በእጀታው ተይዞ የሚታይ። ባስልኤል የማደሪያውን ዕቃ ሲሠራ የመታጠቢያውን ሰን የሠራው በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶች መስታወት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር አለ። በዚያው ምዕራፍ ከቁጥር 29 እስከ 31 ሕዝቡ የሰጠው ነሐስ ተመዝኖ ተጽፏል፤ ሰባ መክሊት ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሰቅል። ለምን ለምን እንደዋለም ተዘርዝሯል፦ ለደጃፉ እግሮች፣ ለመሠዊያው፣ ለካስማዎቹ። መታጠቢያው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሴቶቹ ስጦታ ለብቻው ነው የተነገረው። ርዝመቱ፣ ወርዱም አልተጻፈም።

መስታወት እድፍን ያሳያል፣ አያጥብም። እነዚህ ሴቶች የሰጡት ማሳያቸውን ነው፤ ካህናቱ ወደ ድንኳኑ ሳይገቡ እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበት ሆነ።

ከዚህ ተነሥቶ "ስለዚህ እኅቶች መስታወታችሁን ጣሉ" የሚል ስብከት አለ። አንቀበለውም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥3 ላይ ሹሩባንና ወርቅን ሲያነሣ ልብስ መልበስንም አብሮ ያነሣል፤ ክልከላ ቢሆን ኖሮ ልብስም በተከለከለ ነበር። ደግሞም ጌታ ኢዮብን ከመለሰው በኋላ የተወለደችለት ሦስተኛ ሴት ልጅ በዕብራይስጡ ቄሬን ሀፑክ ትባላለች፣ "የኩል ቀንድ" ማለት ነው። ያ ሁሉ መከራ ያለፈበት ጻድቅ ልጁን በኩል ማስቀመጫ ስም ጠራት! ኤልዛቤል መኳኳሏን ብቻ እየጠቀስን የኢዮብን ልጅ መርሳት ሚዛናዊ አይደለም።

ይህን የምንጽፈው ግን ስለ ኩል ለመከራከር አይደለም። አንድ ወንድም ለምክር መጥቶ እጮኛው የመኝታ ቤት ዕቃውን "መስታወቱን አስነሥተህ ግዛ" እንዳለችው በደስታ ነገረን። "ፓስተር፣ እንዲህ ያለች መንፈሳዊ ልጅ ነው ጌታ የሰጠኝ" አለ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። በሦስት ሳምንት ምክር ነጠላው ከአፏ ሲወርድ አላየንም።

ያደገችው ወንጂ አካባቢ ነው። የስምጥ ሸለቆን ውሃ የሚያውቅ ቀሪውን ይገምታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በእጥፍ የሚበልጥ ተገኝቷል። ልጅ ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ፣ ገና ሲሠራ ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ በቡርሽም አይለቅም። በወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ አጥንት ድረስ የዘለቀ ጉዳት በሐኪሞች ተጠንቷል። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፣ ውሃ ለቀዳችላት እናቷም አይደለም።

እና የመስታወቱ ነገር ትሕትና አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ራሷን ማየት አለመፈለግ ነበር። ሐፍረትና ትሕትና ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም አንገት ይደፋሉ። በቤተ ክርስቲያናችን በሐፍረት ጎብጠው "ትሑት" ተብለው የተመሰገኑ ስንት እኅቶች ይኖሩ ይሆን? የድንኳኑ ደጅ ሴቶች የሰጡት የሚወዱትን ነበር። የጠሉትን ዕቃ ከቤት ማስወጣት መሥዋዕት አይባልም።

"መልክ ዋጋ የለውም" አላልናትም። እውነት አይደለማ፤ እጮኛዋም ቢሆን መልኳን አይቶ ነው የመጣው። ለወንድማችን ለብቻው ነገሩን አስረዳነው። ዝም ብሎ ቆየና "ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም እኮ" አለ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሊሸፈን እንደሚቻል፣ ዋጋው ግን ከአልጋው እንደሚበልጥ አብረው አጣሩ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንደሚያስቡበት ተስማሙ፣ ሲወስኑም እሷ እንድትወስን።

በመጨረሻው የምክር ቀን ዘጸአት 38ን አብረን አነበብን። በቡድናችን ያለች አንዲት ትልቅ እናትም ነበረች። ልጅቱ ካነበብን በኋላ ትንሽ አሰበችና "ሁሉንም ከሰጡ በማግስቱ ምን እያዩ ተኳሉ?" ብላ ጠየቀች። ነገረ መለኮት ኮሌጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም አላነሣብንም። መልስ ስንፈልግ እናታችን ቀደመችን፤ "አንዷ ሌላዋን ትኳላለቻ! በእኛ ጊዜስ ማን መስታወት ነበረውና ነው፣ ልጄ?" አለች፤ ወንበሯንም ወደ ልጅቱ አስጠግታ፣ አገጯን በእጇ ይዛ፣ የት የት እንደሚኳል በጣቷ ታሳያት ጀመር። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር።

ድሬሲንጉ ከነመስታወቱ ተገዝቷል።