ቢጫው ሁሉ አደይ መስሎኝ!

የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ቢጫ አበባ ምን ያውቃል? እኔ እስካለፈው መስከረም ድረስ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ አደይ። ሜዳ ላይ ቢጫ ካየሁ አደይ ነው፣ አበቃ! ይቺ እውቀቴ ዶዮገና ላይ ታዋርደኛለች ብሎ ማን ገመተ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ (ፍቅረኛዬ ማለቴ ነው፤ እናቷ ፊት ግን “የሥራ ባልደረባዋ” ነበርኩ) ለመስቀል አገሯ ይዛኝ ሄደች። ቡታጅራንና ወራቤን አልፈን፣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሆሳዕና ስንደርስ ወገቤ አልቋል። ዶዮገና ደግሞ ከዚያም ወደ ደቡብ ነው፤ ዛሬ በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። እዚያ ቤቱ ሁሉ በእንሰት ተከቧል። ተዳፋቱ በእርከን ተቆራርጦ፣ ጠርዝ ጠርዙን ደሾ ሳር ይዞታል። ያየ ሰው ደጋግሞ ይመለከታል።

በነጋታው በጠዋት ከቤቱ ዝቅ ብሎ ወዳለው ረግረግ ወረድኩ። ቢጫ በቢጫ! ቁጥቋጦው ሁሉ አብቧል። “አበባውን ለእናትየዋ፣ ቅጠሉን ለበጉ” ብዬ አሰብኩ። አማች ለመሆን የሚያስብ ሰው ብልጥ መሆን አለበት አይደል? አንድ እቅፍ ሸክፌ ወጣሁና ደጅ ለታሰረው አውራ በግ ግማሹን ጣል አደረግሁለት። እናትየዋ ከማጀት እየሮጡ ወጥተው ከበጉ አፍ መነተፉት! በከምባትኛ ያሉት አልገባኝም፤ ፊታቸው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ያ በግ እንዲሁ የበዓል በግ አልነበረም። የዶዮገና ገበሬዎች ከአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር እየሠሩ፣ በማኅበር ሆነው አውራ በግ እየመረጡ ያራባሉ። የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ወጪ የሚጠበቀው ከበጎቹ ነው። እኔ ደግሞ ያጎረስኩት ድግጣ ነው! ገበሬው የከብት መዥገርና ቅማል የሚገድልበትን፣ ፍሬውን ፈጭቶ ዓሣ የሚያደነዝዝበትን መርዛም ተክል!

ደግነቱ በጉ ገና አልዋጠም ነበር። እናትየዋ ትንሽ ቆይተው ረገብ አሉ። “ና ልጄ፣ ቁጭ በል” አሉኝ፤ ልጃቸው እየሳቀች ታስተረጉማለች። ሁለት ቅርንጫፍ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡልኝ። አንደኛው ያው ድግጣ ነው። ሁለተኛው የግብርና ሠራተኞች ሰስባኒያ የሚሉት፣ ውኃ ዳር የሚወድና ለመኖ የሚተከል ነው። የሁለቱም አበባ ቢጫ ሆኖ የባቄላ አበባ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ የሁለቱም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። እኔ በበኩሌ መንታ ነው ያልኩት!

“ጫፉን እይ” አሉኝ። የድግጣ ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት ቅጠል ለብቻዋ ቆማለች። ሰስባኒያ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሄዶ በጥንድ ያልቃል፤ ጫፉ ላይ ብቸኛ የለም። ቅጠሉም ቀጭንና ብዙ ነው፤ የድግጣው ሞላ ያለ እንቁላል መሳይ ነው። አበባው ከረገፈ ደግሞ ፍሬው ይናገራል። የሰስባኒያ ክር የመሰለ ረጅም ቆባ ነው፤ የድግጣ ግን አጠር ያለና ጠፍጣፋ ነው። ሰስባኒያ አበባው ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቃጠቆ አለበት፤ ድግጣ ጥርት ያለ ወርቅ ነው። ማለትም ይበልጥ የሚያምረው መርዙ ነው፤ እኔም ያንኑ መርጬ ነበር።

ከእቅፌ ውስጥ ሦስተኛ ዓይነትም ወጣ፤ አሜጃ። ይሄ ከሁለቱ ጋር ዘመድ አይደለም። አምስት ሰፋ ያሉ ቅጠሎች ያሉት አበባ ነው፤ መሃሉ በብዙ ቢጫ ክሮች ተሞልቷል። ቅጠሎቹም ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ግንዱን ያቅፋሉ። ለፀሐይ ሲያነሱት ቅጠሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እናትየዋ አሜጃን አንድ ብለው አለፉት። እኔ ግን ነገሩ ሆዴን በልቶኝ ስመለስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበትን መጽሐፍ አገላበጥኩ። ለካ አሜጃም ብዙ ነው! ጠባብ ቅጠል ኖሮት በየቅርንጫፉ ጫፍ አንድ አንድ አበባ የሚያወጣው ሃይፐሪከም ሪቮሉተም ነው። ቅጠሉ ሰፋ፣ አበባው እየተሰበሰበ የሚወጣው ደግሞ ሃይፐሪከም ኳርቲኒያነም፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ አገራችን መጥቶ እዚሁ በሞተ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የተጠራ። (የአውሮፓ ዘመዳቸው ለድብርት ይሸጣል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ኃይል እንደሚቀንስ ይታወቃል። እህቶች፣ ከውጭ አገር “የአበባ መድኃኒት ነው” ብሎ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ሐኪም ጠይቁ!)

አደይስ? እሱ ቁጥቋጦም አይደለም፤ በየዓመቱ በቅሎ የሚደርቅ ለስላሳ ተክል ነው። እኔ ከረግረጉ ያመጣሁት እቅፍ ውስጥ አንድም አደይ አልነበረም።

ልንመለስ ስንል እናትየዋ አበባው የተነቀለለት አንድ ቅርንጫፍ ይዘው ወጡ። “ይሄስ?” አሉኝ በአማርኛ። ወዲያው ጫፉን አየሁ፤ አንዲት ቅጠል ለብቻዋ ቆማለች።

“ድግጣ” አልኩ።

ሳቅ አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ባልደረባሽ ይማራል” አሏት።