ፔጆዋ አለች፤ የሚያውቃት ሰውስ?

ሂርና ላይ ፔጆ 404 ያለው ሰው መኪናው ስትቆምበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «መለዋወጫ አለ?» ብሎ አይደለም፤ «ሽማግሌው አሉ?» ብሎ ነው። ሽማግሌው ሰርተፊኬት የላቸውም። ኮፈኑ ሳይከፈት ድምፁን ሰምተው «ፑንቲናው ነው» ወይም «ካንዴላውን ለውጥ» የሚሉ ናቸው። እሳቸው የታመሙ ቀን መኪናዋ አይሱዙ ላይ ተጭና ሐረር ወይም ድሬዳዋ ትሄዳለች። የማስጫኛው ዋጋ ከጥገናው ሲበልጥ ደግሞ ባለቤቱ ጓሮ ያቆማታል፤ ዶሮ ይሰፍርባታል።

«ቶዮታ የሚፈታ ፔጆም ይፈታል» የሚሉ አሉ። መፍታቱንስ ይፈታል! እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበችው 404 ግን ዲፈረንሻሏ እንደ ሌላው መኪና አይደለም። እንደ ቡሎን የተጠመዘዘ ብረት የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ለዚህም ነው በጊዜው ከጉሎ ፍሬ የሚወጣ ዘይት የታዘዘለት። ይህን ማንም ያልነገረው ወጣት በቅን ልቦና ያገኘውን የካምቢዮ ዘይት ሞልቶ ይሸኛታል። ነሐሱ ቀስ በቀስ ይበላል። ዲፈረንሻሉ መጮህ ሲጀምር ጥፋቱ የማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ «አሮጌ መኪና» ተብሎ ይታለፋል።

ሐረርጌ ውስጥ 404 የሙዚየም ዕቃ አልነበረችም። የሐረር ታክሲዎች እሷ ነበረች፣ ባጃጅ እስኪገፋት ድረስ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ማምረት ካቆመች በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሠራችው በጥንካሬዋ ብቻ አይደለም (ጥንካሬውማ አለ፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ አሸንፋለች)። ድሬዳዋ ቅርብ ናት። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ፋብሪካ የተወውን መለዋወጫ በቶርኖ ራሱ ያወጣ ነበር። «ከጠፋ ይሠራል» የሚለው የአካባቢው ልማድ ከዚያ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ለነዳጅ ወጪና ለአየሩ ይጠቅም ይሆናል፤ ክርክሩ ሌላ ቀን ይደረስበታል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ከታሰበው በላይ ይቆያል። የሚጠግነው ሰው ግን እየቀነሰ ነው። ረዳት የነበረው ልጅ ባጃጅ ጥገና ገብቷል። አይፈረድበትም፤ ባጃጅ በየቀኑ ይበላሻል፣ በየቀኑም ይከፍላል። ፔጆ በወር አንዴ መጥታ ሦስት ቀን ታስለፋለች።

የጭሮም ሆነ የሐረር የሙያ ኮሌጅ አንዲት የቆመች 404 ገዝቶ፣ ሽማግሌውን ለሦስት ወር በአስተማሪ ደመወዝ ቢቀጥር ብዙ አይከስርም። ቅጥሩ ግን ዲግሪ ይጠይቃል። ሽማግሌው ደግሞ ካርቡራተር ሲፈቱ ያደሩበትን ሌሊት የሚያስገቡበት የማመልከቻ ቅጽ አልተዘጋጀላቸውም።